ቅጠል ሳይሆን ዓይን፦ ሞንስቴራን በደብረ ማርቆስ ብርድ ማሳደግና ማባዛት

የልብስ ስፌት ሱቄ ደብረ ማርቆስ ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሞንስቴራ የሚባል ባለ ሰፋፊ ቅጠል የቤት ተክል ቆሟል። ባለፈው ሳምንት በሜትር ለካሁት። 2 ሜትር ከ10 ሆኗል። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ መጀመሪያ እጃቸውን የሚሰዱት ወደ ቅጠሉ ነው። «ፕላስቲክ ነው?» ይላሉ። አይደለም ስላቸው ቀጣዩ ንግግር ሁልጊዜ አንድ ነው። «እስቲ አንድ ቅጠል ቁረጭልኝ፣ እኔም ልትከል።»

ቅጠል ቆርጬ ብሰጥ ደስ ባለኝ። ግን ቅጠል ብቻውን ተክል አይሆንም። ይህን ያወቅኩት አንድ ቅጠል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጌ አምስት ወር ከጠበቅኩ በኋላ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ቀጭን ሥርም አወጣ። ግን አንዲት አዲስ ቅጠል አልወጣችም፤ ብጠብቅ ኖሮም አትወጣም ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ተክሉን በሕይወት ማቆየት ይቀድማል። እዚህ ደጋው ላይ ብዙ ሞንስቴራ የሚሞተው ሰው ስለረሳው ሳይሆን አብዝቶ ስለተንከባከበው ነው።

የእኔን ያመጣሁት ከባሕር ዳር፣ ከአክስቴ ቤት ነው። እሷ በረንዳዋ ላይ ነው ያስቀመጠችው፤ እንደ ዱባ ሐረግ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። ምንም አታደርግለትም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቱም የጣና እርጥበትም አለላት። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። አክስቴ የነገረችኝን ሁሉ እንዳለ ስፈጽም ተክሉ ሊሞትብኝ ነበር። ደጋ የምትኖሩ ሁሉ፣ እንጅባራም ሁኑ ደጀን፣ ይህን ልዩነት ልብ በሉ።

የሞንስቴራ አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው የዝናብ ደን ነው። እዚያ ትልልቅ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ከላይ የዛፉ ቅርንጫፍ ያጠላለታል፤ ፀሐይ በፍንጣሪ ነው የምትደርሰው። ሥሩ ያለው በበሰበሰ ቅጠልና በቅርፊት መካከል ነው፤ አየር እንደ ልብ ያገኛል። እናቴ መጀመሪያ ስታየው «ይሄን ምን በላው?» አለች። ተባይ የበሳው መስሏት ነው። ቀዳዳው ግን የተፈጥሮው ነው። ልጅ ሳለ ቅጠሉ ድፍን ነው። ሲያድግ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም መካከሉ ይበሳል። ትልቅ ቅጠል አውጥቶ አሁንም ድፍን ከሆነ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው።

ብርሃን

ኢንተርኔት ላይ «ደቡብ መስኮት ጋ አድርጉት» የሚል ምክር ታያላችሁ። ይህን የሚሉት ከምድር ወገብ ርቀው በሰሜን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ጋ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ጎጃም ግን ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀረው ወር በደቡብ። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ ነገር እኛን ብዙ አይረዳንም።

ለእኛ የሚሻለው የምሥራቅ መስኮት ነው። የጠዋት ፀሐይ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቢያርፍበት አይጎዳውም። የከሰዓቱ የምዕራብ ፀሐይ ግን፣ በተለይ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ነጣ ያለ፣ በኋላ ቡናማ ሆኖ የሚደርቅ ጠባሳ ይተዋል። ያለው የምዕራብ መስኮት ብቻ ከሆነ ስስ ነጭ መጋረጃ አድርጉበት።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ስትርቁ ብርሃኑ በጣም ይወድቃል። እኔ የራሴ መለኪያ አለኝ። ቀን 6 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ፣ ተክሉን ላስቀምጥ ባሰብኩበት ቦታ ቁጭ እላለሁ። በጥቁር ክር መርፌ መክተት ከቻልኩ ቦታው ይበቃዋል። ካስቸገረኝ ተክሉም ይቸገራል።

ውሃ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በውጭ አገር ሰዎች የሚሠሩ ቪዲዮዎች «በክረምት ውሃ ቀንሱ» ይላሉ። እነሱ ክረምት የሚሉት ታኅሣሥና ጥርን ነው። የእኛ ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ይደፈናል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ያጠጣችሁት ውሃ ከማሰሮው አይወጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሌላ ጠባይ ነው። ቀኑ ብሩህ፣ አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ። ስለዚህ እኛ ጋ ተክሉ ዝግ የሚልበት ጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ በብርሃን ማጣት፣ ሌላው በብርድ።

የመጀመሪያውን ክረምት በየቅዳሜው አንድ ጆግ እያጠጣሁ አሳለፍኩ። ነሐሴ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። ባሰበት። በመጨረሻ ከማሰሮው አውጥቼ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፤ በእጄ ስይዘው ቅርፊቱ እየተላቀቀ ይወጣል፤ ሽታው የበሰበሰ ድንች ነው። የበሰበሰውን ሁሉ ነጭና ጠንካራ ሥር እስኪገኝ ድረስ ቆረጥኩ። አፈሩን ጣልኩ። በአዲስ አፈር፣ ባነሰ ማሰሮ ተከልኩት። ሁለት ወር ምንም ሳያወጣ ቆሞ፣ ጥቅምት ላይ አንዲት ቅጠል ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ በቀን አልቆጥርም። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ 5 ሴንቲ ያህል፣ አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። እርጥበት ከተሰማኝ አላጠጣም። ከደረቀ ውሃው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠጣለሁ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። በእኔ ሱቅ ይህ በበጋ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በክረምት እስከ ሦስት ሳምንት ይሆናል። የእናንተ ሊለይ ይችላል፤ ጣታችሁን እመኑ። ውሃው ከቧንቧ እንደወጣ አይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እጅ ያደነዝዛል፤ ሥሩንም እንዲሁ። በባልዲ ቤት ውስጥ ይደር። በብርዱ ወራት ጠዋት እንጂ ማታ አታጠጡ፤ ሥሩ በራሰና በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ እንዳያድር።

አንዳንድ ጠዋት በቅጠሉ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ታያላችሁ። እናቴ «አንች ልጅ፣ ያለቅሳል እኮ!» ብላ ደንግጣ ጠርታኛለች። በሽታ አይደለም። ሌሊት ሥሩ የሳበው ውሃ ሲተርፈው በቅጠሉ ጠርዝ ያወጣዋል። በየቀኑ ከሆነ ግን አፈሩ አብዝቶ ረጥቧል ማለት ነው፤ ጣታችሁን ክተቱ።

አፈርና ማሰሮ

ቀይ አፈር ብቻውን ማሰሮ ውስጥ ይጠጥራል። ዋልካ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ሥሩን አየር ይነሱታል። እኔ የምቀላቅለው በቲማቲም ጣሳ እየሰፈርኩ ነው። ሁለት ጣሳ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ ለግንባታ የሚመጣው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ቀይ ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ የከሰል ስብርባሪ። ድንጋዩና ከሰሉ ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያክል ይሁን። ከሰሉ ከአዊ በኩል የሚመጣው፣ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ የተሠራው ቢሆን ይበቃል፤ ከጆንያው ሥር የሚቀረው ስብርባሪ ለዚህ ነው የሚሆነው። ዱቄቱን በወንፊት አስወጡት። አመድ ግን አትጨምሩ፤ ለዚህ ተክል አይስማማውም።

ድብልቁን ረጠብ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ጭቆ ተጣብቆ ከቀረ ድንጋይ ይጨመር። ፍርክስክስ ካለ ልክ ነው።

ማሰሮው ምንም ይሁን፣ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ሸክላ በጎኑም ስለሚተነፍስ ለክረምታችን ጥሩ ነው። የቀለም ባልዲ ከሆነ አምስት ስድስት ቦታ በጋለ ሚስማር ብሱት። ትልቅ ማሰሮ ሰፊ ቤት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀራል። በየሁለት ዓመቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ብቻ የሚሰፋ ማሰሮ ቀይሩለት።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ወንድሜ ለእርሻ ከገዛው ዩሪያ አንድ እፍኝ በበጎ አሳብ ጨምሮበት በሳምንቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ ተቃጠለ። ለማሳ የሚሆነው ለማሰሮ አይሆንም። በዓመት ሁለቴ፣ የካቲትና መስከረም ላይ፣ ሁለት ሴንቲ ያህል ብስባሽ ከላይ አልብሱት። ይበቃዋል። የቡና አተላም ማሰሮው ላይ አትድፉ። እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታና ደቃቅ ዝንብ ያመጣል። ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይሂድ።

ማባዛት

አሁን ወደ ዓይኑ።

ሸንኮራ አገዳ የተከለ ሰው ይህን ነገር ያለ እኔ ያውቀዋል። አገዳውን ሲቆርጥ ዓይን ያለበትን ነው የሚቀብረው። ድንች ዘርም እንዲሁ ነው። ሞንስቴራም ከዚህ አይለይም። ቅጠሉን የተሸከመው ረጅም ነገር ግንድ ይመስላል፤ ግን ግንድ አይደለም፣ የቅጠሉ ዘንግ ነው። ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከወፍራሙ ግንድ ጋር የሚገናኝበትን ዳብሱት። ዙሪያውን የከበበ እንደ ቀለበት ያለ መስመር አለ። አንጓው እሱ ነው። እዚያው አካባቢ ትንሽ እብጠት አለች። ዓይኑ እሷ ናት። አዲስ ተክል የሚወጣው ከእሷ ብቻ ነው። የእኔ የአምስት ወር ቅጠል ዓይን ስላልነበራት ነው እንደዚያው የቀረችው።

ከአንጓው አጠገብ ቡናማ፣ እንደ ገመድ የተንጠለጠለ ነገርም ታያላችሁ። የአየር ሥር ነው። ብዙ ሰው አስቀያሚ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ተዉት። ተክሉ ዛፍ የሚይዝበት እጁ ነው፤ ስታባዙትም ሥራውን ያፋጥንላችኋል።

ለመቁረጥ ጥሩው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ሙቀትም ብርሃንም አለ፤ ክረምቱ ሳይገባም ሥር ይይዛል። ጥቅምት ላይ ሦስት ቁራጭ ቆርጬ አውቃለሁ። ሥር ለማውጣት ሦስት ወር ፈጀ፣ ከሦስቱም አንዱ በሰበሰ።

አንድ ወይም ሁለት ቅጠል፣ ቢያንስ አንድ አንጓ፣ ቢቻል አንድ የአየር ሥር ያለው ቁራጭ ምረጡ። ከአንጓው በታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ትታችሁ ቁረጡ። ምላጩ ወይም ቢላው ስለታም ይሁን፤ በአልኮል ይጠረግ። በመቀስ አትጨፍልቁት። የጨርቅ መቀስማ ከነጭራሹ አይነካው፤ ፈሳሹ ስለቱን ያበላሻል። ፈሳሹ ቆዳም ያሳክካል፣ ጓንት አድርጉ ወይም ወዲያው በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ቁራጩን ጥላ ውስጥ ግማሽ ቀን አስተኙት። የተቆረጠው ቦታ ደረቅ ሲል መበስበስ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ውሃ ውስጥ። አንጓውና የአየር ሥሩ ይጥለቅ፤ የቅጠሉ ዘንግ ግን ከውሃ በላይ ይሁን። ቡናማ ወይም አረንጓዴ ጠርሙስ ብትጠቀሙ ውሃው ቶሎ አረንጓዴ አያወጣም፤ የጠርሙሱ አፍ ከጠበበ ጠርሙሱን ከአንገቱ ማስቆረጥ ነው። ውሃውን በየ4 እና 5 ቀኑ ለውጡ። እኔ ጠርሙሶቹን የማኖረው ካውያ ከምተኩስበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። ቀን ቀን ለብ ይላል፣ ብርሃንም አያጣም። በሞቃት አገር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሥር ይታያል። እዚህ እኔ አምስት ሳምንት እጠብቃለሁ። ሳትጨነቁ ጠብቁ፤ በየቀኑ እያወጣችሁ አትዩት።

ሥሩ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሲደርስና ከጎኑ ጫፍ ጫፍ ሲያወጣ ወደ አፈር ይግባ። ከዚያ በላይ ውሃ ውስጥ ከቆየ አፈር መልመድ ይከብደዋል። ማሰሮው ትንሽ ይሁን፣ አፉ 12 ሴንቲ ገደማ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ አድርጉ፤ ሥሩ ገና ውሃ የለመደ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ጣት መለኪያው ተመለሱ። ሁለት ወር ያህል ምንም ማዳበሪያ አይንካው።

እናቱ ተክል ተጎዳች ብላችሁ አትዘኑ። ከቁራጩ በታች ካለው ዓይን አዲስ ቡቃያ ታወጣለች። የእኔ ሁለት ጊዜ ተቆርጣ አሁን በሁለት በኩል ነው የምትወጣው።

ያላችሁ ተክል አንድ ብቻ ሆኖ መቁረጥ ካስፈራችሁ ሌላ መንገድ አለ። ሳትቆርጡ፣ የአየር ሥር ያለበትን አንጓ እፍኝ በማትሞላ እርጥብ ብስባሽ ሸፍኑት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከላይና ከታች እሰሩት። በየሳምንቱ ከላይ ፈታ አድርጋችሁ ከደረቀ ጥቂት ውሃ ጨምሩ። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ውስጥ ፌስታሉ ጥግ ላይ ነጭ ሥር ይታያል። ያኔ ከሥሩ በታች ቆርጣችሁ ከነብስባሹ ትከሉት። ሥር ይዞ ስለሚቆረጥ የመበስበሱ ነገር ያን ያህል አያሰጋም። እኔ አሁን አሁን የምመርጠው ይህን ነው።

ድጋፍ፣ ጽዳት፣ ጥንቃቄ

ሞንስቴራ የሚይዘው ካጣ ወለሉ ላይ ይንፈላሰሳል፣ ቅጠሉም ትልቅ አይሆንም። አንድ ሜትር ተኩል የባሕር ዛፍ እንጨት በቃጫ ጆንያ ጠቅልላችሁ በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። የአየር ሥሩ በሚወጣበት ጎን ማሰሮው ውስጥ አቁሙት። ግንዱን ከእንጨቱ ጋር በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የቅጠሉን ዘንግ አትሰሩ፣ ወደ ብርሃን መዞር አለበት። ጆንያውን አልፎ አልፎ ውሃ አርከፍክፉበት። ሥሩ ራሱ ገብቶ ይይዘዋል።

ቅጠሉ ላይ አቧራና የከሰል ጭስ ይቀመጣል። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። እንዲያብረቀርቅ ዘይት ወይም ቅባት የሚቀቡ አሉ፤ መተንፈሻውን ይደፍናል፣ አቧራም ይይዛል። በምትጠርጉበት ጊዜ ጀርባውን እዩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ በአልኮል በራሰ ጥጥ አንሱት። በበጋ ደግሞ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ፣ ድር የሚያደሩ ደቃቅ ተባዮች ይመጣሉ፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ እጠቡት፣ በሳምንቱ ድገሙት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ባለፈው ዓመት ለበዓል ጎረቤቴ መጥታ ኮባ አጣሁ፣ ለድፎ ዳቦዬ ከዚህ ሰፊ ቅጠል ስጪኝ አለችኝ። እጇን ይዤ ነው የከለከልኳት። የሞንስቴራ ቅጠል፣ ግንድና ሥር እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ የኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉበት። ያኘከው ሰው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ያብጣል። ምግብ አይነካበት። ሕፃን ወይም ድመት ካለ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ልጅ ካኘከው አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፤ ካበጠ ወይም መዋጥ ካቃተው ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቁራጭ ይዛችሁ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ፣ የተቆረጠውን ጫፍና አንጓውን በራሰ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከላይ ፌስታል እሰሩበት። ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልሉት። ሚኒባሱ ላይ ጭነት ቦታ አይግባ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት በኩልም አይሁን፤ ጭናችሁ ላይ ያዙት። እኔ የመጀመሪያውን ከባሕር ዳር እስከዚህ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲያ ነው ያመጣሁት፤ አንድም ቅጠል አልተጎዳም።

አሁን ካውያው አጠገብ ሦስት ጠርሙስ ቆሟል። የአንዱ ሥር 4 ሴንቲ ደርሷል። የተያዘው የሰርግ ቀሚስ ላዘዘች ደንበኛ ነው። ቀሚሱ ለሐሙስ ይደርሳል፣ ተክሉን ግን ሦስት ሳምንት ጠብቂኝ ብያታለሁ።